የጠረጴዛዬ ግራ ጎን

«አሁን ጠረጴዛ ሰው ያናድዳል?» ይሉኛል። ያናድዳል እንጂ! አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከአማት ጋር፣ በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ለመብላት የሞከረ ሰው ካለ ይምጣና ይፍረደኝ። ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ፀጉሬም ሸበተ፣ ያቺን ጠረጴዛ ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ነገሌ ቦረና። ባሌ እዚያው ጦር ሰፈር አሥር አለቃ ነበር። የጦር ክፍሉ ወደ ሰሜን ሲዘምት እሱም ዘመተ። እኔ ከጦር ሰፈሩ አጥር ማዶ፣ የወታደር ሚስቶች ተደርድረን በምንኖርበት መንደር፣ በቀበሌ ቤት ቀረሁ። ቤት ካሉት ነው እንግዲህ። ግድግዳዋ ጭቃ ሆኖ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። በሩን ከፍቶ የገባ ሰው ፊት ለፊቱ ጠረጴዛዋን ያገኛል፤ ከጠረጴዛዋ በስተቀኝ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ደግሞ ያለን ነገር ሁሉ። ሌላ ዕቃ ላስገባ ያለ ሰው እሱ ራሱ መውጣት ነበረበት።

ጠረጴዛዋ ላይ የጽሕፈት መኪናዬ አለች። ሙያውን ክብረ መንግሥት ተምሬው ነው የመጣሁት። መኪናዋን ደግሞ አንድ ተዛውሮ የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሸጣት ባሌ ገዛልኝ፤ ለዚህስ እግዜር ይስጠው። ከሊበን ገጠር በእግሩ የሚመጣው ሰው አቤቱታውን፣ የከተማው ልጅ የሥራ ማመልከቻውን እኔ ጋ ታይፕ ያስመታል። ማታ ማታ ለነገሌ ቀይ አቧራ ብዬ የባሌን አሮጌ የወታደር ሸሚዝ አለብሳታለሁ። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የእሱን ልብስ የለበሰችው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይሄን ካልተረዳችሁ ንዴቴ አይገባችሁም። የጽሕፈት መኪና እንደ ሬዲዮ አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚውል ዕቃ አይደለም። ፊደል በመታችሁ ቁጥር ወረቀቱን የያዘው ጋሪ ወደ ግራ ይሄዳል። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሏ ቅጭል ትላለች፤ ያን ጊዜ ጋሪውን ገፍታችሁ ወደ ቀኝ ትመልሱታላችሁ። በቀኝ በኩል ችግር የለብኝም፤ ከአልጋው በላይ አየር ነው፣ እንደልቡ ይውጣ። በግራ በኩል ግን ጋሪው የሚሄድበት ስንዝር ተኩል ባዶ ቦታ እፈልጋለሁ። ስንዝር ተኩል! ከዚህ ዓለም የጠየቅኩት ይሄንኑ ነው። ባሌ ራሱ ጠረጴዛዋን ሲያሠራ መኪናዋን ከነክዳኗ ለክቶ፣ «ልክክ ትልልሻለች» አለኝ። አዎ፣ ልክክ ትላለች፤ ካልጻፍኩባት!

ባሌ በሄደ በአምስተኛው ወር አማቴ መጡ። ከሸዋ ገጠር፣ ስንት ቀን በጭነት መኪና ተንገላተው፣ አንድ ሻንጣና አንድ ሬዲዮ ይዘው ደረሱ። «ልጄ የሚመለሰው ወደዚህ ነው፤ እዚሁ ሆኜ እጠብቀዋለሁ» አሉ። ምን ይባላል? እናት ናቸው። ደግ ሴት ነበሩ፣ አልዋሽም። ግን ባዶ ቦታ ሲያዩ አይወዱም። ሬዲዮውን አምጥተው በግራዬ አስቀመጡት፤ ጥልፍ ጨርቅም አለበሱት። በሳምንቱ ፔርሙስ መጣ። ከዚያ ስድስት የሻይ ብርጭቆ ከነትሪው። ከዚያ የላስቲክ አበባ፣ ያውም ከነማሰሮው!

«እማማ፣ መኪናዋ መንቀሳቀሻ አጣች እኮ» እላቸዋለሁ።

«እንግዳ ቢመጣስ ልጄ? ጠረጴዛ ራቁቱን አይቀመጥም» ይሉኛል።

«ጠረጴዛው ሥራ ላይ ነው እንጂ ራቁቱን አይደለም!»

«እሺ፣ እሺ» ይሉና አበባውን አንድ ጣት ያህል ገፋ ያደርጉታል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ተናቅኩ አልልም፤ ግን ሥራዬ ሥራ አልመሰላቸውም። ሴት ልጅ ተቀምጣ ቀጭ ቀጭ ስታደርግ ውላ «ደከመኝ» ስትል የትኛው አማት ያምናታል? እንግዲህ ቦታ የማስለቀቅ ትግል ገባሁ። ከጎረቤት ሱቅ የሳሙና ሣጥን ለምኜ፣ ጣውላውን በገመድ ከጣሪያው አንጠልጥዬ ሬዲዮውን ሰቀልኩት። ብርጭቆዎቹን ካርቶን ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር። ፔርሙሱ መስኮት ላይ። የምገለብጠውን ረቂቅ ጠረጴዛ ላይ ማንጠፍ ትቼ በግራር እሾህ ፊት ለፊቴ ከግድግዳው ጭቃ ላይ ሰካሁት፤ ይሄ ብልሃት እስከ ዛሬ ያኮራኛል። የመኪናዋን ክዳን ገልብጬ የወረቀት ማስቀመጫ አደረግኩትና እግሬ ሥር ገባ። አበባው ደግሞ አንድ ቀን «ጠፋ»። የት እንደጠፋ እኔ አውቃለሁ፣ የሰፈሩም ፍየል ያውቃል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የባሌ ፎቶ።

በዚያ መንደር አንድ ደንብ ነበር። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ባውቀው አልለቀውም ነበር። የዘመተ ሰው ፎቶ ጠረጴዛ ላይ፣ በሩን እያየ ይቆማል። ሲመጣ መጀመሪያ ራሱን ያግኝ ይላሉ። መርዶው የመጣ ሰው ፎቶ ደግሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ማዕዘኑ ላይም ጥቁር ጨርቅ ይታሰርበታል። ስለዚህ የማንንም ቤት ደጃፍ ስትረግጡ ዓይናችሁ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ያያል፣ ከዚያ ግድግዳውን። ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር። ኧረ ከማንም በላይ አውቅ ነበር!

አማቴ ያንን ፎቶ፣ ትልቅ ፍሬም ያለውን፣ በግራዬ አቆሙት። መስመር በጨረስኩ ቁጥር ጋሪው ይገጨዋል። ተገጭቶ ሲቆም ፊደል በፊደል ላይ ይደረባል። እገፋዋለሁ፤ አማቴ መልሰው ያስጠጉታል፣ «በሩ አይታየውም» እያሉ። ለአቤቱታስ ግድ የለም፣ መስመሩን አሳጥሬ እጽፈዋለሁ። ወረቀቱም የራሴ፣ ህዳጉም የራሴ።

እንዲህ ስንገፋፋ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አስጠሩኝ። ጸሐፊያቸው ለቃ ሄዳ የፈተና ወቅት ደርሶባቸዋል። ዘጠኝ ስቴንስል ከመምህራኑ የፈተና ረቂቅ ጋር በእጄ ሰጡኝ። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል፣ በማባዣው ላይ ሲዞር ቀለሙ በብሱ ያልፋል። ከታጠፈ ሰሙ ይሰነጠቃል፣ ፈተናውም ጥቁር መስመር ብቻ ይሆናል። «ከነዚህ ሌላ የለንም» አሉኝ። «በጥራት ሠርተሽ ሰኞ ጠዋት ካመጣሽልኝ፣ ለጽሕፈቱ ቦታ አንቺ እንድትቀጠሪ ነው የምጠይቀው። ቋሚ።»

ቋሚ! ይቺን ቃል ይዤ ስመለስ መንገዱ አልታወቀኝም። መርዶ የመጣባቸው ሴቶች ምን እንደሚሆኑ በዓይኔ አይቻለሁ። አልጋቸውንና ዶሮአቸውን በጭነት መኪና ጭነው በወደራ መንገድ ወደ ዘመድ ይሄዳሉ። እኔ ተጭኜ የምሄድበት ዘመድ የለኝም፤ አሳዳጊዬም ሞታለች። ባሌ ቢመለስም ባይመለስም እዚህ በራሴ እግር መቆም አለብኝ። ያ ሥራ ለእኔ ሥራ ብቻ አልነበረም።

ቅዳሜ ስድስቱን ጨረስኩ። በስንት መከራ! የስቴንስሉ ህዳግ የተሰመረ ነው፣ መስመር ማሳጠር የለም፤ ስለዚህ ጋሪው በየመስመሩ ሄዶ ባሌን ይገጨዋል። አንዴ የሒሳቡን ጥያቄ ቁጥር ሁለቴ አስመታኝና በማረሚያ ቀለም ሸፍኜ ደግሜ መታሁት። ቀለሙም አለቀ። በንዴት ፎቶውን አልጋ ላይ ባስቀምጠው አማቴ አነሱት፣ «ተኝቶ ይታያል እንዴ? ሟርት ነው!» እያሉ። መልሰው አቆሙት።

እሑድ ጠዋት አማቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በሩ ከመዘጋቱ ፎቶውን አነሳሁት። የት ላድርገው? አልጋ ላይ የተጨረሱት ስቴንስሎች ተዘርግተው በአንሶላ ተሸፍነዋል። አልጋ ሥር ጢም ብሏል። መሬት ላይ አላስቀምጠውም፣ ባሌ ነው። ቀና ስል ከጠረጴዛዋ በላይ አንድ አሮጌ ሚስማር አየሁ። ጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም፤ ከውስጥ ምሰሶው ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በሩን ፊት ለፊት ያያል። «ለሁለት ሰዓት ነው፣ እማማ ሳይመለሱ አወርደዋለሁ» አልኩ። ማንጠልጠያ ስፈልግ እጄ የገባው የመኪናዬ ያረጀ ሪባን ነው፤ ያ በቀለም የተነከረ ጥቁር ጥብጣብ። በሁለቱ ማዕዘን አስሬ ሰቀልኩት።

አሁን «እንዴት ትዝ አይልሽም?» ትሉኛላችሁ። አላለኝም! ለእኔ ያ ፎቶ ከጋሪዬ መንገድ የሚነሳ ዕቃ ነበር። ሪባኑም ገመድ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው የእኔ ነገር ነው።

ከዚያ እንዴት ያለ ሥራ ሠራሁ መሰላችሁ! ጋሪው ሲሄድ የሚነካው የለ፣ ደወሏ ቅጭል፣ መመለስ፣ ቅጭል፣ መመለስ። ስምንተኛውን ጨርሼ ዘጠነኛውን ስጀምር የረቂቁ የመጨረሻ ገጽ የለም። የፈተናው መምህር ሳይሰጡ ቀርተዋል። ስቴንስሎቹን አልጋው ላይ እንደ ሕፃን ሸፍኜ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ዳይሬክተሩ ቤት ሮጥኩ።

ገጹን ፈልገው እስኪያገኙት ቆየሁ። ስመለስ ከመንደራችን ጥግ ላይ ለቅሶ ሰማሁ። በዚያ መንደር ለቅሶ ሲሰማ ሁሉም ሴት ቆማ ቤት ትቆጥራለች፤ የማን ነው? ከእኛ በላይ ነው? ከእኛ በታች ነው? እኔም ቆጠርኩ። ደጃፌ ላይ ሰው ሞልቷል።

ገጹ ከእጄ ወደቀ። ሁለት ሴቶች ሮጠው ደገፉኝ፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላሉ፣ እነሱም ያለቅሳሉ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን መናገር ያሳፍረኛል። ደረቴን መታሁ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ ስሙን እየጠራሁ «የት ጥለኸኝ!» አልኩ። ያንን ፎቶ ጠዋት የሰቀልኩት እኔ መሆኔ አልታወሰኝም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ማን ቆም ብሎ ይጠይቃል?

ወደ ውስጥ አስገቡኝ። አማቴ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ፍሬሙን አቅፈው ይስሙታል፣ ግንባራቸውን ያስነኩታል። ግንባራቸውና ነጭ ነጠላቸው በጥቁር ተለውሷል። ድምፃቸው ግን አይወጣም። አፋቸው ይከፈታል፣ ምንም አይወጣም። ከለቀስተኛው ሁሉ ያልጮኹት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በዚህ መሃል የወተት ደንበኛዬ መጣች። በየጠዋቱ ከሊበን በኩል ወተት በጮጮ ተሸክማ የምትመጣ የቦረና ሴት ናት። እንደ ልማዷ በሩ ላይ ሆና «አካም ቡልቴ? ናጋ?» አለች፤ እንዴት አደርሽ፣ ሰላም ነው ማለቷ ነው። ጮጮዋን አስቀምጣ ሰዉን አንድ በአንድ አየችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ቀስ ብላ፣ «ኤኙቱ ሲቲ ሂሜ? ማነው የነገረሽ?» አለችኝ።

ማን ነገረኝ? እንባዬን ጠርጌ የደገፈችኝን ሴት አየኋት። «አንቺ ከማን ሰማሽ?»

«ከሷ» አለች፣ ወደ ሌላዋ።

ሌላዋ ወደ ሌላ ጠቆመች። እንዲህ እየተጠቋቆሙ የጎን ጎረቤቴ ላይ፣ የሃምሳ አለቃው ሚስት ላይ ደረሰ። እሷ ጉንጯን ፈጅታ፣ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ይቺ ሴት ሁልጊዜም ጩኸት ይቀናታል፤ ዶሮ ስትታረድ እንኳ ትጮሃለች።

«ወንፊት ልዋስ ገብቼ» አለች እየተንሰቀሰቀች። «በሩ ክፍት ነው። ጠረጴዛውን አየሁ፣ የለም። ቀና ስል ግድግዳው ላይ ነው፣ ጥቁር ታስሮበት! ለካ ትናንት መርዶ ነግረዋት ብቻዋን ይዛው አድራለች ብዬ…»

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው መሰላችሁ? ንዴት ነው! ተነስቼ ቆምኩ። «ዓይን የለሽም?» አልኳት። «ሪባን ነው! የመኪና ሪባን ነው! ሰውን ገድለሽ ሰፈር ከምትሰበስቢ አንድ ጊዜ ብትጠይቂ ምን ነበረበት?»

«ጥቁር ነው!» አለች እሷም ጮክ ብላ። «ጥቁር አይደለም በይኝ! ግድግዳ ላይ አይደለም በይኝ! ማን ሰቀለው ታዲያ?»

ሁሉም እኔን አየኝ። አማቴም ከመሬት ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ» አልኩ። «ጋሪው እየገጨው… ለመጻፍ ቦታ አጥቼ ነው።»

ወይ መዓት! ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለ? አንዷ «አበስኩ ገበርኩ» ብላ ነጠላዋን ሰበሰበች። ሌላዋ «በቁም ሰው ይቀበራል?» እያለች ወጣች። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ «ግድ የለም፣ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል» አሉ። ጎረቤቴ ቆማ ቀረች። የወተት ደንበኛዬ ባዶ ዕቃዬን ፈልጋ ወተቷን ገለበጠችልኝና «ናጋ ሆኗል፣ ናጋ ነው» ብላ ሄደች። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጤነኛ እሷ ብቻ ነበረች።

ዘወር ስል አልጋውን አየሁት። ለቀስተኛው ተደርድሮ የተቀመጠው እዚያ ላይ ነበር።

አንሶላውን ገለጥኩ። አምስቱ ደህና ናቸው። ሦስቱ በመሃል ታጥፈው ሰሙ ተሰነጣጥቋል። ዓሣ አጥንት የመሰለ ስንጥቅ በጥያቄዎቹ ላይ ይሄዳል። መኪናዋም ከጠረጴዛዋ ወርዳ በር ሥር ተቀምጣለች፣ የአንዱ ባርኔጣ ላይዋ ላይ ተረስቷል። ያን ባርኔጣ ወርውሬ ውጭ ጣልኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ያሁኑ ለቅሶ የራሴ ነበር። ባሌ በሕይወት አለ፣ እኔ ደግሞ ስለ ሦስት ወረቀት እያለቀስኩ ነው። በዚያም ተናደድኩ። ለምን ነው አንዲት ሴት እንጀራዋ አልጋ ላይ የሚዘረጋው? ለምንድን ነው ልጅ ከናት፣ ባል ከሚስት ወስደው ፎቶ ብቻ የሚተዉልን፣ ፎቶውንም የምናቆምበት ቦታ ሳይሰጡን?

ጎረቤቴ ሹልክ ብላ ወጥታ ተመለሰች። ፊቷ አሁንም እንዳበጠ ነው። በእጇ ትንሽ ጠርሙስ ይዛለች፣ የጥፍር ቀለም። «ይሄ አይሆንሽም?» አለች ሳታየኝ። «መምህራኑ ሲቸግራቸው በዚህ ነው የሚደፍኑት ሲሉ ሰምቻለሁ።» ልክ ናት፣ ይደፍናል። ለዓመት በዓል ብቻ የምትቀባው ቀይ ቀለም ነው። ተቀብዬ አላመሰገንኳትም። አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

የወደቀውን ገጽ ከደጃፉ አንስቼ፣ መኪናዋን ጠረጴዛዋ ላይ መለስኳት። ግራ ጎኔን ሳይ ባዶ ነው። አማቴ ከመሬት ተነስተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶውን ይዘዋል። ሪባኑን ፈትተው ጥለውታል። አሁን ያመጡታል፣ አሁን ያቆሙታል ብዬ ጠበቅኩ። ቢያቆሙትም ምንም አልል ነበር፤ በዚያ ቀን በየት አፌ?

ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አቆሙት፣ ፊቱን ወደ በሩ አዞሩት፣ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አንቺ ጻፊ» አሉኝ። «ልጄን እኔ እይዘዋለሁ።»

ጀምበር እስክትጠልቅ ያዙት። አንዴም አላስቀመጡትም። እኔ ስንጥቁን በቀይ ቀለም እየደፈንኩ፣ እፍ እያልኩ እያደረቅኩ፣ ፊደሉን ደግሜ እየመታሁ ሦስቱን አዳንኳቸው፤ ዘጠነኛውንም ጨረስኩ። ደወሏ ቅጭል ስትል አማቴ ቀና ይላሉ፣ መልሰው በሩን ያያሉ። ሰኞ ጠዋት አስረከብኩ። ዳይሬክተሩ በቀይ የተጠጋገኑትን ወደ ብርሃን አንስተው አይተው፣ «ጎበዝ» አሉኝ። በወሩ ቋሚ ሆንኩ። የአማቴ ነጠላ ላይ የቀረው ጥቁር ግን ስንት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም።

ከዚያ ወዲያ ፎቶውን በግራዬ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ቤት የምሠራውን ሥራ ሁሉ መስመሩን አሳጥሬ፣ ጋሪው ፎቶው ሳይደርስ እንዲቆም አደረግኩት። ሰዎች «ምነው ወረቀት አባከንሽ፣ ይሄን ያህል ህዳግ ለምን ተውሽ?» ይሉኛል። ለባሌ ነው የተውኩት፤ ምን አገባቸው?

አማቴ ሁለት ክረምት ጠበቁ። በሦስተኛው የሳምባ ምች ያዛቸውና በሳምንት ውስጥ አለፉ፣ ልጃቸውን ሳያዩ። መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ ያውም ጦር ሜዳ ላለ ሰው። ስለዚህ ስንትና ስንት ሰው የሚያስጽፈኝ እኔ፣ ለገዛ ባሌ ያንን መጻፍ አቃተኝ። ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ጉርድ ፎቷቸውን አንስቼ በትንሽ ፍሬም አደረግኩት። ሚስማሩ እዚያው ነበር። በዚህ ጊዜ አውቄ፣ በመኪናዬ ሪባን አሰርኩት። ባሌ መምጣቱን የሰማሁ ቀን አወርደዋለሁ፣ ሽማግሌ እጠራለሁ፣ በማለዳ አስቀምጠው እንደ ወጉ ይነግሩታል ብዬ ሁሉንም አስቤ ጨርሼ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ። የሚመጣ መጣ፣ የማይመጣ ቀረ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሬ ተከፍቷል፣ ደጃፉ ላይ የማላውቀው ከረጢት ተቀምጧል። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ገባሁ።

ባሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ እናቱ የተቀመጡበት ቦታ ላይ። ከስቷል፣ ፂሙ ሸብቷል። ጠረጴዛው ላይ እሱ ራሱ በወጣትነቱ በሩን እያየ ቆሟል። ሚስማሩ ባዶ ነው። የእናቱን ፎቶ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ሪባኑን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ፈትቶ ጠቅልሎ ጣቶቹ ጠቁረዋል።

«መቼ?» አለኝ።

«ዓመት ሊሆናቸው ነው» አልኩት።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ሚስማር በጥርሴ ብነቅለው ደስታዬ ነበር። ያኔ ጎረቤቴ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች በሩ ላይ ደረሰች። ባሌን አየችው፣ እጆቿን ዘረጋች፣ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ጭኑ ላይ ያለውን ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ ገብታ አጠገባችን ተቀመጠች።